ቆሽት የተወውን ሥራ ማን ይሠራዋል?

ያገራችን ሰው ቆሽትን የሚያነሣው በቁጣ ጊዜ ነው። ልጅ ያስቸገራት እናት፣ ገንዘቡን የተካደ ነጋዴ፣ ፍርድ የተጓደለበት ባለጉዳይ «ቆሽቴ አረረ» ይላሉ እንጂ፣ ያ አረረ የሚባለው የውስጥ አካል ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ ሌሊትና ቀን ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሳያጓድልና ሳያጉረመርም የሚሠራ አገልጋይ በቤትም ሆነ በቤተ መንግሥት የሚታወሰው ሥራውን የተወ ዕለት ነውና። ቆሽት ግን በእውነቱ የሰውነት መጋቢ ነው፤ ከማዕድ ወደ ደም የገባውን ስኳር እየመዘነ፣ ኢንሱሊን በሚባለው ቅመም አማካይነት ለእያንዳንዱ ሕዋስ ድርሻውን ያድላል፤ የተረፈውን በጉበትና በጡንቻ ጎተራ ያስቀምጣል፤ ሰውየው በጾመ ጊዜ ደግሞ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ጎተራው እንዲከፈት ይፈቅዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ሳያዘው፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ተኝቶ ሳለ እንኳ ነው።

ይህ መጋቢ ሥራውን የሚተውበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ሰውነትን ከተሕዋስያን እንዲጠብቁ የተመደቡት ዘበኞች ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኗቸው ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፏቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ይህ በልጅነትና በጉርምስና ወራት ስለሚደርስ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ኢንሱሊን ከውጭ ካልገባ ሕይወት አይቀጥልም። በሁለተኛው ዓይነት፣ ይኸውም ከታማሚዎቹ እጅግ የሚበዙትን በሚይዘው፣ ቆሽት ሥራውን ወዲያው አይተውም፤ ነገር ግን ሕዋሳት ትእዛዙን ለመስማት ይለግሙበታል፤ እርሱም ድምፁን ከፍ እያደረገ ከዓቅሙ በላይ ሲደክም ይኖርና በመጨረሻ ይዝላል። በሁለቱም ፍጻሜው አንድ ነው፤ ስኳር በደም ውስጥ ሞልቶ ሲፈስ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ኩላሊት የተረፈውን በሽንት ለማስወጣት ሲታገል የሰውየው ጥም አይቆረጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል፣ እየበላም ይከሳል። በዓባይ ዳር ቆሞ መጠማት ማለት ይህ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ መጋቢው ሥራውን ቢተውም ሥራው አይቀርም፤ በየቀኑና በየማዕዱ መዝኖ ማደል ግድ ይሆናል። ያን ሥራ ማን ይሠራዋል? ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ «ታማሚው ራሱ ነዋ» የሚል ሲሆን፣ እኔ ግን ይህ መልስ የእውነቱ ግማሽ ብቻ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ነገሩ ምን ያህል እንደ ገዘፈ ማየት ይገባል። የስኳር ሕመም በእኛ ዘንድ ለረጅም ዘመን «የሀብታም በሽታ» ሲባል ኖሯል፤ ሥጋና ጠጅ የማይጠፋበት ቤት፣ በቅሎና አሽከር ያለው፣ በእግሩ የማይሄድ ሰው ይታመመው ነበርና ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ዛሬ ግን ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መዘርዝር ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የዓለም ሰዎች 589 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ማለትም ከዘጠኙ አንዱ፣ ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህም ከአምስቱ አራቱ የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ደግሞ ከአሥሩ አራት የሚያህሉት ሕመሙ እንዳለባቸው ራሳቸው አለማወቃቸው ነው። የደም ስኳር ሕመም አያሰማም፤ ዓይን እስኪደክም፣ ኩላሊት እስኪሰንፍ፣ እግር እስኪደነዝዝ ድረስ እንደ ምሥጢረኛ ሌባ በዝምታ ይመላለሳል፤ በጦም ደም 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ደርሶ ሳለ ባለቤቱ በሰላም ገበያ ወጥቶ ይመለሳል።

«የሀብታም በሽታ» የሚለውን ስም የሚያፈርስ ሌላም ነገር አለ። በጎንደር ያሉ ሊቃውንተ ሕክምና ከገጠር የሚመጡ፣ ስብ ያልጎበኛቸው ቀጫጭን ወጣት ገበሬዎች፣ ኢንሱሊን እየፈለጉ ነገር ግን ጠባያቸው እንደ አንደኛው ዓይነት ያልሆነ ታማሚዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያዩ ኖረው፣ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጦት ቆሽትን ሳይጎዳው አይቀርም ብለው በጽሑፍ አሳስበው ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን የመሰለውን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን አስችሎ መድቦት፣ በ1999 ደግሞ ከምደባው አወጣው፤ ፌዴሬሽኑ ግን በ2025 ሚያዝያ ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶ መለሰው። ሊቃውንቱ ስለ ባሕርዩ ገና ይከራከሩበታል። ለእኛ የሚበቃን ግን ይህ ነው፤ ጥጋብም ረሃብም በየመንገዳቸው ወደ አንድ በር ያደርሳሉ፤ ስለዚህ ታማሚን ባየን ቁጥር «ምን በልቶ ይሆን?» ብለን ለመፍረድ የምንቸኩል ሰዎች ከዚህ በኋላ ምላሳችንን ብንገታ ይሻላል።

ኑሮ ሲለወጥ ሰውነት እንዴት እንደሚከተለው ለማየት የወገኖቻችንን የቤተ እስራኤልን ታሪክ ያህል ግልጽ መስታወት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ ከ14 ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ በአንድ ቀን ተኩል በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ሰዎች ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ እህልና ጥራጥሬ የሚመገቡ ነበሩ፤ የስኳር ሕመምም ሲገቡ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጩ መጠጥ፣ ፎቁ፣ አውቶቡሱና የስደት ሐሳብ ተባብረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕመሙን የብዙ ቤት እንግዳ አደረጉት። ሐኪሞቹ መድኃኒትና ዕውቀት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ቃል ነበር። በዕብራይስጥ የተነገረ ምክር በአማርኛ በሚያስብ ልብ ውስጥ ማደሪያ አላገኘምና፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ «ጤና ብሪኡት» የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ከማኅበረሰቡ የወጡ አስታራቂዎችን በሐኪሙና በታማሚው መካከል አስቀመጠ፤ የማኅበሩ ስም በሁለቱም ቋንቋ «ጤና» ማለት ብቻ መሆኑ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመለስ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ለዚህ ሕመም ሐኪም የነበረው መሣሪያ ረሃብ ብቻ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካ ፍሬድሪክ አለን የተባለው ሐኪም ሕፃናቱን ከሞት ለጥቂት ወራት ለማዘግየት ሲል እህሉን እየቀነሰ አጥንታቸው እስኪቆጠር ድረስ ያስጾማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በጋ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳ ቆሽት ኢንሱሊንን ማውጣት ቻሉ፤ ኮሊፕ የተባለው የቅመማ ሊቅ አጣራው፤ በ1922 ጃንዋሪ ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው መርፌ ብዙም ሳይጠቀም ቀርቶ፣ በተጣራው በሁለተኛው ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። የግኝቱን መብት ባለቤቶቹ ለዩኒቨርሲቲው ያስተላለፉት በአንድ አንድ ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ለዓለም ሁሉ እንዲሆን ከማሰብ የመጣ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ባወጣ ጊዜም ኢንሱሊን በውስጡ ነበረ። በአንድ ዶላር የተሰጠው ስጦታ ከመቶ ዓመት በኋላ ለብዙ ድሆች አሁንም የማይጨበጥ መሆኑ ከዚህ ዘመን ነቀፋዎች አንዱ ነው።

ከመርፌው ቀጥሎ የመጣው ክኒን ነው። ሜትፎርሚን ምንጩ በአውሮፓ መስክ ከሚበቅል ጋሌጋ ከሚባል ተክል ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለሰው የሚጠቅም መሆኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ርካሽነቱና ደኅንነቱ ተጨምረውበት የሁለተኛው ዓይነት ሕመም የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኖ ይኖራል፤ የጉበትን ጎተራ ከመጠን በላይ እንዳይከፈት ያደርጋል፣ የሕዋሳትንም ጆሮ በመጠኑ ያቃናል። ግሊቤንክላማይድና መሰሎቹ ደግሞ የደከመውን ቆሽት እየጎተጎቱ ያሠሩታል፤ ስለዚህም እህል ሳይበላ የዋጣቸውን ሰው ስኳሩን ከልክ በታች ጥለው ይጥሉታል። በቅርብ ዘመን የመጡት፣ ስኳርን በኩላሊት በኩል የሚያስወጡትና የሆድን ቅመም አስመስለው የምግብ ፍላጎትን የሚገቱት መድኃኒቶች፣ ስኳርን ከማውረድ አልፈው ልብንና ኩላሊትንም ሲጠብቁ ታይተዋል፤ የብዙዎቹ ዋጋ ግን ለብዙው ታማሚ ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያዩት ነገር ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ቢሆን የመጋቢውን ሥራ ጨርሶ አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ1993 በሰሜን አሜሪካ 1,441 የአንደኛው ዓይነት ታማሚዎች ላይ የተደረገው ታላቅ ጥናት ውጤቱን ባወጣ ጊዜ፣ ስኳራቸውን በብርቱ የተቆጣጠሩት ሰዎች የዓይን ሕመም እንዳይጀምራቸው ያገኙት ጥበቃ 76 ከመቶ መሆኑ ተገለጠ፤ ነገር ግን ይህን ያገኙት መርፌውን ስለ ወሰዱ ብቻ ሳይሆን በቀን ደጋግመው ስለ ለኩ፣ ስለ ቈጠሩና በሚያስተምሯቸው ሰዎች ስለ ተከበቡ ነው።

አሁን ወደ መሶቡ እንቅረብ። ሕመሙ «ስኳር» የሚል ስም ማግኘቱ በአማርኛ ተናጋሪው ላይ ቀላል ያልሆነ ጉዳት አድርሷል፤ ሰው ስኳርን ከቡናው አስወጥቶ በኅሊናው ከነጻ በኋላ ሦስት እንጀራ በድፍረት ይበላል፤ «የጤፍ እንጀራ ጣፋጭ አይደለምና ምን ያደርገኛል?» ይላል። ምላስ ግን በዚህ ነገር ታማኝ ምስክር አይደለም። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ገንፎም፣ ቆሎም፣ ድንችም በሆድ ውስጥ ተፈትተው ስኳር ይሆናሉ፤ ልዩነቱ የፍጥነትና የመጠን ነው። ጤፍ በብረትና በአሰር የበለጸገ መልካም እህል መሆኑ አይካድም፤ ሠርገኛውም ከነገለባው ቢበላ ይመረጣል፤ ቢሆንም መልካም እህል መሆኑ ልክ የሌለው እህል አያደርገውም። «አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ ሽፈራው ከክኒን ይበልጣል» የሚሉ ወዳጆችም አይታጡም፤ አብሹ ከምግብ ጋር ቢበላ የሚነቀፍ ነገር የለውም፣ መድኃኒቱን አስጥሎ ብቻውን ሊቀመጥ ሲፈልግ ግን ገዳይ ይሆናል።

ልክን በእኛ ገበታ ላይ ማግኘት የሚያስቸግረው ስለ እህሉ ብቻ አይደለም፣ ስለ ገበታው ሥርዓትም ነው። በፈረንጅ አገር ሰው ለብቻው ሳህን አለውና ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን ሥጋ ወይም ጥራጥሬ፣ ሩቡን እህል አድርግ ቢሉት ዓይኑ ይመራዋል። እኛ ግን ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ከመካከል እየቆረስን፣ ወሬ እየተጫወትን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም፤ በዚህ ላይ ጉርሻ ይጨመራል፤ ጉርሻ እንቢ ማለትም ፍቅርን እንቢ ማለት ነው፤ አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላልና ሁለተኛው ይከተላል። እንግዲህ ታማሚውን ለብቻው ቁጭ አድርጎ በትንሽ ሳህን እንደ ተገዘተ ሰው ማብላት መፍትሔ አይደለም፤ ሰው በእህል ብቻ ሳይሆን በማዕድ ኅብረትም ይኖራልና። ይልቅስ ትሪው ራሱ ቢለወጥ፣ ጎመኑ፣ ሰላጣው፣ ምስሩና ሽሮው በዝቶ እንጀራው ቢሳሳ፣ ለስላሳው መጠጥ ከቤት ቢወጣና ጉርሻው ከጎመን ቢሆን፣ የሚጠቀመው ታማሚው ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጡት ልጆቹም፣ ከዘሩ የተነሣ ሕመሙ በሩቅ የሚጠብቃቸው፣ ሳያውቁት ይድናሉ።

ስለ ጾም የሚነሣው ነገር ከዚህ ይከተላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታና ነነዌ ተደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚይዙ፣ ጾምን ሳይጠቅስ ስለ አማራና ትግሬ አገር አመጋገብ የሚናገር ሐኪም ስለ ባሕር ተናግሮ ውኃን እንደ ረሳ ሰው ነው። የጾም ገበታ በአንድ በኩል ለዚህ ሕመም የተመቸ ይመስላል፤ ቅባቱ ቀላል፣ ጥራጥሬው ብዙ፣ ጎመኑ የማይጠፋ ነውና። በሌላ በኩል ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው ሆድ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከወሰደ ሰው ጋር አይስማማም፤ መድኃኒቱ ለእህል ተዘጋጅቶ እህሉ ሲቀርበት በደም ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር ጠርጎ ይወስዳታል። ከ70 በታች ስትወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ነገር ይምታታበታል፤ ቶሎ ካልደረሱለት ራሱን ይስታል። «መርፌዬን ትቼ ልጹም» የሚለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ በተለይ የአንደኛው ዓይነት ታማሚ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ ደሙ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አሲድነት ተለውጦ ለሞት ይዳርገዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ድዉያንን ከጾም ግዳጅ መፍታቱን፣ እስልምናም በረመዳን ለሕመምተኛ ፈቃድ መስጠቱን ሁሉም ያውቃል፤ ያልታወቀው የስኳር ታማሚ፣ በእግሩ እየሄደና እየሳቀ፣ ድዉይ መሆኑ ነው።

ይህን በሩቅ አልሰማሁትም፤ በአክስቴ ቤት አይቼዋለሁ። አክስቴ መብራት በማይደርስበት መንደር የምትኖር፣ ቀንና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት ናት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ እንዳለበት ነርሷ ነግራታለች፤ ማቀዝቀዣ ግን የላትም። ስለዚህ ትልቅ ገንቦ አስቀምጣ በውስጡ ትንሽ ገንቦ አኑራ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልታ፣ ጠዋት ጠዋት አሸዋውን ውኃ ታጠጣዋለች፤ ውኃው በሸክላው ላብ እየወጣ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ በዚያ ያድራል። ይህ ዘዴ የማቀዝቀዣውን ያህል ባይሆንም ከጣራው ሥር ካለው ትኩሳት ብዙ ይሻላል፤ በአገራችን ገጠርም ብዙዎች ይጠቀሙበታል። ፊደል አልቆጠረችምና መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው። እርሱም ከትምህርት ቤት በፊት ጎራ ብሎ፣ ጣቷን ወግታ የደም ጠብታዋን በስትሪፑ ላይ ስታኖር ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ መቶ ስልሳ ሁለት ነው፤ ከትናንት ወርዷል» ይላትና በደብተር ይጽፈዋል።

በአንድ የፍልሰታ ቀን አክስቴ መርፌዋን ጠዋት ተወግታ፣ «አንድ ቀን ምን ይለኛል» ብላ ሳትቀምስ ቅዳሴ ሄደች። ስትመለስ በደጃፏ ላይ በላብ ተጠምቃ፣ ሰው ሳይሆን ጥላ እያየች ተቀመጠች፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ግማሹ «ዛር ነው»፣ ግማሹ «ጸበል አምጡ» ሲል ያ ልጅ እየሮጠ ገብቶ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ እርሷ መዋጥ የምትችል መሆኗን አይቶ አጠጣት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ምን ሆናችሁ ነው የከበባችሁኝ?» አለች። ጠላትሽ ነው የተባለችው ስኳር ያን ዕለት አዳነቻት። በማግስቱ የንስሐ አባቷ ነገሩን ሰምተው መጡ። «ወለተ ማርያም፣ ጾም ለነፍስ ነው፤ ሥጋሽን ለምን ትገድያለሽ? ላንቺ መርፌሽን በሰዓቱ ተወግተሽ በሰዓቱ መብላትሽ ጾምሽ ነው፤ የቀረውን በምጽዋት ሙዪው» አሏት። እርሷም ከሐኪሙ ሰምታ ያልተቀበለችውን ያን ዕለት ተቀበለች። ጸበልንና መድኃኒትን እንደ ተጣሉ ባላጋራዎች ማቆም ስሕተት መሆኑን ብዙ ካህናት ያስተምራሉ፤ የሚሰማቸው ሰው ደግሞ ከማንኛውም የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማቸዋል።

ስለ እንቅስቃሴም የሚባለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው፣ ስኳራቸው ወደ ሕመም ሊያልፍ በቀረበ 3,234 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እየተራመዱ ክብደታቸውን በ7 ከመቶ ለመቀነስ የተነሡት ሰዎች ወደ ሕመሙ የመግባት ዕድላቸው በ58 ከመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት ግን በ31 ከመቶ መሆኑን አሳየ። በቻይና ዳቺንግ ከተማ በ1986 የተጀመረውና 577 ሰዎችን ለ30 ዓመት የተከተለው ሌላው ጥናትም በኑሮ ለውጥ ሕመሙ በ4 ዓመት ያህል እንደሚዘገይ አረጋገጠ። በብሪታንያ ደግሞ በ2017 ይፋ በሆነው ጥናት፣ ለወራት እጅግ ባነሰ ምግብ ክብደት የቀነሱ የሁለተኛው ዓይነት ታማሚዎች 46 ከመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ልክ በታች ወረደ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 36 ተመለሰ። ይህ መመለስ የሰዎቹ ስንፍና ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ እለምናለሁ፤ በሦስቱም ጥናቶች ሰዎቹ ለብቻቸው አልተጣሉም፤ የሚመዝናቸው፣ የሚያበረታታቸው፣ በስም የሚያውቃቸው ሰው ነበራቸው። ድጋፉ እየራቀ ሲሄድ የቀደመው ኑሮ ይጠራል።

በዚህ አንጻር የራሳችንን የሕክምና ሥርዓት ብንመለከት፣ የተሠራው ለወረርሽኝና ለወሊድ፣ መጥቶ ለሚሄድ ሕመም እንጂ ከሰው ጋር አብሮ ለሚያረጅ ሕመም አይደለም። እኔ ራሴ አክስቴን ወስጄ በአንድ ሆስፒታል በር ላይ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተሰልፈን፣ ቀጠሮዋ ሲደርስ ሐኪሙ ከካርዱ ቀና ሳይል «ለምን አልተጠነቀቅሽም? ስኳርሽ ወጥቷል» ብሎ መርፌውን በሁለት ዩኒት ጨምሮ ሲሸኛት አይቻለሁ። ሐኪሙም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበሩ ውጭ መቶ ሰው ይጠብቀው ነበር። ነገር ግን አክስቴ ያን ዕለት ይዛ የተመለሰችው መርፌና ኀፍረት ነው፤ ኀፍረት ደግሞ ስኳር አያወርድም፣ ቀጠሮ ያስቀራል እንጂ። የሦስት ወር ምርመራ የሚባለው፣ የደም ስኳር በሦስት ወር ውስጥ እንዴት እንደ ኖረ የሚመሰክረው፣ በብዙ ስፍራ አይገኝም፤ የስትሪፕ ዋጋ ከክኒኑ ዋጋ ይበልጣል፤ እግሯን የሚያይ፣ በጣቶቿ መካከል ቍስል መኖሩን የሚመረምር፣ ጫማዋን የሚጠይቅ የለም፤ ከስኳር የተነሣ እግራቸው የሚቆረጥባቸው ብዙዎች ግን ጥፋታቸው የጀመረው ሳይሰማቸው ከገባች እሾኽ ነው።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ በከፊል ታይቷልና። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የስኳርና የሌሎች ነባር ሕመሞች ክትትል ከከተማው ሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ ሲሰጥ፣ ታማሚው ለመድኃኒት ቀናት መጓዙ ቀርቶ በመንደሩ አጠገብ የሚያውቀው ሰው ያክመው ጀመር። ይህ ቢስፋፋ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ስትሪፕንና ኢንሱሊንን በሙሉ ልብ ቢሸከም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከክትባቱ ቀጥሎ የሰውን እግር ማየት ቢለመድላት፣ ካህኑና ሼኹ ከጾም ወራት በፊት አንድ ቀን ስለዚህ ነገር ቢናገሩ፣ ለሥራው የሚያስፈልጉት እጆች ይሟላሉ። ታማሚው ከሥራው ነጻ ይሁን አልልም፤ ጣቱን የሚወጋው፣ የሚራመደው፣ ሦስተኛውን እንጀራ የሚተወው እርሱ ነው። ነገር ግን በጤናው ዘመን ያን ሥራ የሠራለት መጋቢ ደም፣ ጉበት፣ ጡንቻና ኩላሊት ያገለግሉት ነበር፤ ብቻውን የሠራበት አንድ ቀን አልነበረም።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴን ለመጠየቅ ሄጄ ያን ደብተር አገላበጥሁት። ከሁለት ዓመት በፊት የተጀመረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በነርሷ ቀጥ ያለ ጽሕፈት የተጻፉ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የጎረቤቱ ልጅ በትልልቅ ቁጥር ይጽፋል፤ እርሱ ለፈተና ወደ ከተማ በሄደበት ወር የልጇ እጅ ይታያል፤ በፍልሰታው ሳምንት ደግሞ በቀይ ቀለም፣ በድጓ ጸሐፊ እጅ የመሰለ፣ አንድ «በልታለች» የሚል ቃል በየቀኑ ተጽፏል፤ የንስሐ አባቷ ናቸው። አክስቴ ደብተሩን ከእጄ ተቀብላ በዚያ ገንቦ አጠገብ መልሳ አኖረችውና «ነገ ጠዋት አንተ ትጽፋለህ» አለችኝ።